የጉልላቱ አናት ስንት ጋሎን ይበላል?

[ጅማ፣ ጊንጆ። አዲሱ መስጊድ ነገ ጁምዓ ይመረቃል፤ የቀረው የጉልላቱ ቀለም ብቻ ነው። ፋሂም ከኮሌጅ ከወጣ ወዲህ ሰፈሩ «ኢንጅነር» ይለዋል፤ እሱም አይጠላም። ኡመይር ቀለም ቀቢ ነው። ጠዋት መወጣጫው ሥር ቆመው ይጨቃጨቃሉ።]

ኡመይር፦ ወላሂ አራት ነው!

ፋሂም፦ ሦስት አልኩህ! ለታች አራት፣ ለላይ ሦስት። ሰባት ጋሎን፣ አለቀ!

ኡመይር፦ ባለፈው ሳምንት የዝገት መከላከያውን አንቲረስት ስቀባው ላዩም ታቹም እኩል ነው የበላብኝ።

ፋሂም፦ አንተ በእጅህ ነው የምታስበው። ስማ፣ ይሄ ጉልላት የሉል ግማሽ ነው።

ኡመይር፦ ሉል ማናት? ጠይባ ታውቃታለች?

ፋሂም፦ ሚስቴን እዚህ ምን አመጣት? ሉል ማለት ኳስ! ቁመቱን እኩል ለሁለት ከፈልነው፤ ሜትር ተኩል፣ ሜትር ተኩል። ታቹ ሰፊ፣ ላዩ ጠባብ። ገባህ?

ኡመይር፦ ጠባብነቱ ገባኝ። ግን ላዩ ጋደም ያለ ነው፤ ብሩሹ ብዙ ይሄዳል።

ፋሂም፦ ቆይ! የላዩን ራዲየስ ስወስድ...

ኡመይር፦ ሬዲዮ? መስጊድ ውስጥ?

ፋሂም፦ ያ ረቢ! ራ-ዲ-የስ! ከመሃል እስከ ጠርዝ! እሱን በራሱ፣ ከዚያ በፓይ አባዛሁ፤ ሃያ አንድ ካሬ። አንዱ ጋሎን ሰባት ካሬ ይቀባል። ሦስት!

ኡመይር፦ ክቡን የት ለካኸው?

ፋሂም፦ ፕላኑ ላይ ነዋ። ከላይ ሲታይ።

ኡመይር፦ ከላይ የሚያየው አሞራ ነው። የምንቀባው ግን እኛ ነን።

ፋሂም፦ ኮሌጅ ብትገባ ኖሮ ይገባህ ነበር። አንተ ታቹን ያዝ፤ አናቱን ራሴ ቀብቼ አሳይሃለሁ!

[ኡመይር ትከሻውን ነቅንቆ ብሩሹን አነሳ። ለዐስር ሰላት አዛን ሲባል ድርሻውን ጨርሶ ወርዷል። ቀና ብሎ የጉልላቱን አናት አየና ፈገግ አለ።]

ፋሂም፦ [ከአናቱ] ኡመይር! ከቀለሜ ቀድተህብኛል እንዴ?

ኡመይር፦ የኔ አራቱም ባዶ ናቸው፤ ታቹም አልቋል። ያንተስ?

ፋሂም፦ ሦስቱም አለቁ። ጉልላቱ ግን... መሃል አናቱ ራሰ በራ ሆነ።

ኡመይር፦ ይታየኛል። ከአሰንዳቦ ለሚመጣ መንገደኛም ይታየዋል።

ፋሂም፦ ይሄ አረንጓዴ በትእዛዝ የተቀመመ ነው፣ ገበያ ላይ የለም! ነገ ሰው ምን ይላል? ማል ጎና፣ ምን ይሻላል?

ኡመይር፦ የለካኸው እኮ ጉልላቱን አይደለም፣ ጥላውን ነው። ጥላ ደግሞ ቀለም አይጠጣም። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ቀለማቸውም እኩል ነው፤ ላዩ በጥበቱ ያጎደለውን በመጋደሙ ይሞላዋል።

ፋሂም፦ [ላቡን ሲጠርግ ፊቱ አረንጓዴ ሆነ] ይሄን የት ተማርከው?

ኡመይር፦ ዘጠኝ ጉልላት ላይ። ቀለሙን ያዘዙት ሐጂ ቲጃኒ «ስንት ይበቃል?» አሉኝ፤ «ስምንት» አልኳቸው። አንተ «ሰባት» ስላልክ ስምንተኛው እሳቸው ጋ ተቀምጧል።

ፋሂም፦ ታዲያ አታመጣውም?

ኡመይር፦ «ኢንጅነሩ በራሱ አፍ ካልጠየቀኝ አልሰጥም» ብለዋል። ያው፣ ግቢው ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። አናቱ ስንት እንደሚበላ ከዚያው ሆነህ ንገራቸው።

ፋሂም፦ [በሹክሹክታ] አራት...

ኡመይር፦ ጮክ በል እንጂ፤ ሐጂ ጆሯቸው ይከብዳል!