ድምፁን ከበላይ አካል ጠይቀናል

ሰው የሚለካው ነገር አጥቶ አያውቅም። እህል ይለካል፣ መሬት ይለካል፣ የሙሽራ ቁመት ሳይቀር ከሚዜዎቿ ጋር እያስተያየ ይለካል። ከአዲስ አበባ ለእረፍት የመጣው የእህቴ ልጅ ግን ሰሞኑን የባሰውን ነገረኝ። በውጭ አገር የቴሌቪዥን ድራማም ይለካል አሉ። ስንት ሰው እንዳየው ተቆጥሮ፣ ማርክ ተሰጥቶት፣ "ይህ ከዓለም ተከታታይ ድራማ ሁሉ አንደኛ ነው" ይባላል። እኔ ማርክ የሚባለውን ነገር መሠረተ ትምህርት ላይ ቀምሼው ብዙም አልጣመኝም፤ የአንደኛ ትርጉም ግን አይጠፋኝም። "የእኛን ከተማ፣ ሐይቅን ቆጥረዋል?" አልኩት። ሳቀ። የተማረ ሰው ሲስቅ አልቆጠሩም ማለት ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ።

በደርግ ጊዜ ነው። የቀበሌያችን ቴሌቪዥን ከደሴ የመጣው በጭነት መኪና፣ በስኳር ጆንያ መሀል ተቀብሮ ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ ሲከፈት ስዕሉ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ድምፅ ግን የለም። ሊቀመንበራችን ቁልፉን ግራና ቀኝ አዟዟሩት፣ እንዲያገሳ እንደሚታቀፍ ሕፃን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት፤ ወይ ፍንክች። ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ "ጓዶች፣ ስዕሉ ደርሶናል። ድምፁን ከበላይ አካል ጠይቀናል" አሉ። አጨበጨብን። ያን ጊዜ የማይጨበጨብለት ነገር አልነበረም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ተከታታይ ድራማ አለ። አንድ ኮት የለበሰ ለስላሳ ሰውዬና አንዲት ቆንጆ ሴት ፊት ለፊት ተቀምጠው አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እሱ ይለምናል፣ እሷ ፊቷን ታዞራለች። እኛም ሐይቃችን ውስጥ ዓሣ እንደሚያይ ሰው ዝም ብለን እናያቸዋለን።

አሁን አያ ይመርን ላስተዋውቃችሁ። ወፍጮ ቤታችን ውስጥ እህል የሚፈጨው እሱ ነው፤ ከእኔ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ሲጯጯህ፣ ቀስ ብሎ መናገር የሚባለው ነገር ከውስጡ ተፈጭቶ አልቋል። "ደህና አደርሽ" ሲል ዶሮዬ ትበረግጋለች። ሚስቱ ዘሀራ ችላው ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን እንግዳ ፊት "ዘሀራ፣ ውኃ" ብሎ ቢያንባርቅባት፣ ውኃውን አቀብላው፣ ሻሿን አስራ ወንድሟ ቤት ገባች። "አንድ ቀን ስሜን ቀስ ብሎ ከጠራው እመለሳለሁ" አለች። ሌላ ነገር አልጠየቀችም።

ሽማግሌ ተላከ፤ ከሼሁም ከቄሱም ተመርጦ። ይመርን ይዘውት ሄደው ቃል ግባ ቢሉት፣ "እለሳለሳለሁ ብያለሁ እኮ!" ያለበት ድምፅ የሼሁን ጥምጥም ሊያወልቀው ምንም አልቀረው። ዘሀራ በሩን ዘጋች። ይመርም ከሳ። በግሸኗ እምላለሁ፣ ዱቄት የነሰነሱበት እንጨት መሰለ።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ ይመር ከአዳራሹ ኋላ ቆሞ፣ አጠገቡ ላለው ሰው በጆሮው ሹክ ያለ መስሎት፣ "ተይ ወደ ቤትሽ ግቢ እያላት ነው" ቢል አዳራሹ በሙሉ ሰማ። ሰው እፎይ አለ። ለካ እንዲህ ነው የሚባባሉት።

"አያ ይመር፣ አሁንስ ምን አላት?"

"አሁንማ ቤቱ ጨለመብኝ እያላት ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰውዬው ድምፅ ይመር ሆነ። የሴትየዋን እኔ ያዝኩ። ማንም አልሾመኝም፤ አፌ ክፍት ተገኘ እንጂ። እንዴት አድርጌ እንደምሞልጨው ብታዩ፣ ያ ኮት ለባሽ ያሳዝናችሁ ነበር።

የይመር ችግር ግን የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ነው። ሰውዬው አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ትንሽ ሲያነቃንቅ፣ የይመር ነጎድጓድ ከዚያ ከንፈር አልወጣ ይላል። ሕዝቡ ይስቅበታል። ይመርም እየተሳቀበት በየማክሰኞው ዝቅ፣ አሁንም ዝቅ ይል ጀመር። ዘሀራ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ትሰማለች። ትሰማና ሻሿን ታስተካክላለች።

አንድ ማክሰኞ በሴትየዋ አፍ፣ "አንተ ብሎ ባል፣ ሂድና ከፈለግህ ወፍጮ አግባ" ብዬ ስለቀው፣ ዘሀራ ክንዴን ያዘችኝ።

"እትዬ ወርቄ፣ እንደሱ አትለውም።"

"ታዲያ ምን ትለዋለች?"

"አልጠላሁህም ነው የምትለው። በጠራኸኝ ቁጥር ምን አጠፋሁ እያልኩ እደነግጣለሁ ነው የምትለው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሴትየዋ ድምፅ ዘሀራ ሆነች። እኔም ከሥራ ተባረርኩ።

ከዚህ በኋላ ማን ቤቱ ይቀመጣል? ከመግሪብ ሶላት የወጣውም፣ ከእስጢፋኖስ የተመለሰው ዲያቆንም ጫማውን እየጎተተ ይመጣል። ከውጫሌ በጭነት መኪና ተጭነው ይመጣሉ። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ወገቡን የሚያመው ሁሉ ዳነ። እንዲህ ሆኖ አንድ ማክሰኞ ይመር ለስለስ ብሎ፣ "ብትመለሺ ቀስ ብዬ ነው የምጠራሽ" አላት። ዘሀራ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ድራማው አለቀና ዜና ገባ። ሳምንቱን ሙሉ በሐይቅ ከተማ የሚበላ አልጣፈጠም።

የበላይ አካል መልስ ለመስጠት የመረጠው ደግሞ ያንን ተከታዩን ማክሰኞ ነው።

ባለሙያ ከደሴ መጣ፣ የቴሌቪዥኑን ጀርባ ፈታ፣ ገጠመ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረጉ። ድራማው ተጀመረ፤ ሴትየዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በራሷ ድምፅ ተናገረች።

"ወንድማለም፣ ያባታችንን በሬ የት አደረስከው?"

ለካ እህትና ወንድም ናቸው። ይህን ሁሉ ማክሰኞ የተጨቃጨቁት በበሬ ነው። የአዳራሹ ግማሽ "አስተግፊሩላህ" ሲል ግማሹ አማተበ። ስንቱን የትዳር ቃል በእህትና ወንድም አፍ ስናስገባ ከርመናል፣ ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች።

"ኧረ ዝጉልን" አለ አንዱ። ሌላውም ተቀበለው።

ሊቀመንበሩ ላብ አላባቸው። "ጓዶች፣ ይህ እኮ ከበላይ የመጣ ድምፅ ነው። እንዴት ይዘጋል?" እውነትም ያን ጊዜ የበላይን ድምፅ ዝጉ ማለት ቀልድ አልነበረም፤ ሁላችንም ወደ መሬት አየን። ሚስታቸው ግን ፊት ወንበር ላይ ናቸው። "አንተ፣ የዘሀራን መልስ ሳልሰማ እራት የለም" አሉ። ሊቀመንበሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ድምፁ ለጊዜው ለጥገና ተቋርጧል" ብለው ቁልፉን አዞሩ። ያኔ ከልባችን አጨበጨብን።

ምን ዋጋ አለው፣ ስዕሉ ከዳን። ሴትየዋ ብድግ አለች፣ ወጣች፣ በሩ ተዘጋ። ሰው ሁሉ ወደ ዘሀራ ዞረ። እሷ የተዘጋውን በር ታያለች። ይመር ሰውን እየገፋ ወደ ፊት መጣ። ወደ ቴሌቪዥኑ አላየም።

"ዘሀራ" አለ።

አጠገቧ ነበርኩ፤ ለእኔ እንኳ በግድ ነው የተሰማኝ።

"አቤት" አለች።

ከኋላ የአብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ተደግፎ፣ "ጮክ በል እንጂ አቦ፣ እኛ ጋ አይሰማም" አለ።

ሁለቱ አብረው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ባለ ኮቱም ብቻውን አፉን ሲያንቀሳቅስ ቀረ። በሚቀጥለው ማክሰኞ ድምፁ ተስተካክሎ አዳራሹ ባዶ ነበር።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ ለእኛ ድራማ ማርክ እንድሰጥ ጠየቀኝ። እኔ ግን ቅሬታ አለኝ። ድሮ የዚያ ቤት ጉዳይ በግድግዳው በኩል በነፃ ይደርሰኝ ነበር፤ ጨው ሲያልቅ ከዘሀራ እኩል እሰማ ነበር። ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ጆሮዬን ብለጥፍም አንዳንድ ጊዜ የዘሀራ ሳቅ እንጂ ሌላ አይሰማኝም። ምን ብሏት እንደሚያስቃት እንጃ።

ድምፁን ከበላይ አካል ልጠይቅ አስቤያለሁ።