ዘመድ የማይጽፈው ቃል

እናንተ ስልካችሁ ላይ ሰርች የምታደርጉትን ነገር ሰው እንዲያይባችሁ ትፈልጋላችሁ? አትፈልጉም። እኔም አልፈልግም። ባለፈው የጥምቀት ሰሞን የአክስቴን ቤት ላተርፍ ስባዝን ያስቸገረኝ ይኸው ነገር ነበር።

አክስቴ እትዬ ብርቄ ከነርስነት ጡረታ ስትወጣ፣ ጎንደር ያለውን የአባቷን ቤት አድሳ የእንግዳ ማረፊያ አደረገችው። ሸጋ ቤት ነው፤ ከባሕረ ጥምቀቱ በእግር ይደረሳል። ግን እንግዳ የሚባል ዝር አላለበትም። ቤቱን አብረዋት የወረሱት ታላቅ ወንድሟ አያ መኮንን ደግሞ ሳንጃ ከተማ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፤ ባዶ ክፍል ባዩ ቁጥር የሚታያቸው ጆንያ ነው። ለጥምቀት ከሞላ ማረፊያነቱ ይቀጥል፣ ካልሞላ ግን መጋዘን ይሆናል ብለው ቁርጡን ነገሯት። አክስቴ ተስማማችና ወደ እኔ ዞረች። ስለ ድረ ገጽ ስልጠና መውሰዴን ለዘመድ ሁሉ ያወራሁት ራሴ ነኝ፤ ማንን ልውቀስ?

የማረፊያዋን ድረ ገጽ ከፍቼ አየሁት። ጽሑፉን ያሰናዱት ጎረቤቷ መሪጌታ ናቸው። "ማኅደረ እንግዳ፤ ክቡራን ሆይ፣ ወደዚህ ቅጥር በሰላም ግቡ" ይላል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን መናኸሪያ ወርዶ ማደሪያ የቸገረው ሰው፣ ባንድ እጁ ቦርሳውን ባንድ እጁ ስልኩን ይዞ፣ "ማኅደረ እንግዳ" ብሎ ይጽፋል? መፈለጊያው የሚያመጣለት ሰውዬው ከጻፈው ቃል ጋር የሚገጥም ገጽ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ የሚወደውን ቃል ትቶ ፈላጊው የሚጽፈውን መያዝ ያስፈልጋል።

እንዴት ይታወቃል? እኔ ሞኙ ሰው ጠየቅሁ። አንዱን የቢሮ ባልደረባዬን፣ ባሕር ዳር ሄደህ ማደሪያ ብትፈልግ ምን ብለህ ትጽፋለህ አልኩት። ጉሮሮውን ጠራርጎ "ደረጃውን የጠበቀና ጸጥታ የሰፈነበት የእንግዳ ማረፊያ" አለኝ። ከሰዓት የኔ ስልክ ባትሪ ጨረሰና የሱን ተዋስኩ። "ባሕር ዳር" ብዬ ስጀምር ስልኩ ባለቤቱ ቀድሞ የጻፈውን አስታውሶ የቀረውን ራሱ ሞላልኝ፦ "ባሕር ዳር ርካሽ አልጋ ሙቅ ውሃ ያለው"። ባልደረባዬ ስልኩን ከእጄ መነተፈኝ። ሁለት ቀን ሰላም አላለኝም።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውን ከጠየቃችሁት የሚያስከብረውን ይነግራችኋል፤ ይሉኝታ አለበታ! የቸገረውን የሚነግረው ለስልኩ ነው። እኔም ሰው መጠየቁን ትቼ መፈለጊያው ላይ ጀመር እያደረግሁ ሌላው ሰው ከጻፈው እያነሳ የሚጠቁመኝን መልቀም ያዝኩ። "ጎንደር" ብቻ ብሎ የሚጽፈው ግማሹ ስለ ግንቡ የቤት ሥራ የተሰጠው ተማሪ ነው፤ እሱ ምን አልጋ ይፈልጋል? "ጎንደር ሆቴል" ላይ ደግሞ ትልልቆቹ ቀድመው ተሰልፈዋል፣ እኛን ማን ያሳልፈናል? ቃሉ ሲረዝም ግን ሰልፉ ይሳሳል። "ለጥምቀት ጎንደር አልጋ ሙቅ ውሃ ያለው" ብሎ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ ግን የምሩን ነው።

አክስቴ ስትሰማ ጦር አወጀች። "ሆስፒታል ዕድሜ ልኬን አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ዛሬም በአልጋ ልታወቅ?" አለች። መሪጌታም ተቀየሙ። እንደምንም ብዬ የእሳቸውን ጽሑፍ ወደ ታች አውርጄ፣ ከላይ አልጋውንም ሙቅ ውሃውንም ጻፍኩት።

ጥምቀት ሲቃረብ ስልኩ መጥራት ጀመረ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! አክስቴ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ታናግራለች። ሙቅ ውሃ አለ? አለ። ባሕረ ጥምቀቱ ይርቃል? አይርቅም። ከዚያ ደዋዩ፣ የአገሬ ሰው አይደል፣ "የማን ቤት ነው?" ይላል። አክስቴ የአባቷን ስም ትጠራለች። "ውይ! ብርቄ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ የአይከል ከተማው አጎትሽ ልጅ ነኝ!" አለቀ። ዘመድን ማን ሂሳብ ይጠይቃል? ቀጣዩም አማቿ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም የክርስትና ልጇ እናት። ክፍሉ ሁሉ ተያዘ፤ አንድም ባዳ የለበትም።

የከተራ ዕለት አያ መኮንን መጡ። በየበሩ እየተሳሙ ገብተው አክስቴን ወደ ጓዳ ጠሯት።

"ምነው ብርቄ፣ ይኼ ሁሉ የእኛው ሰው አይደለም?"

"አያ፣ ይሙላ አልህ እንጂ ማን ይሙላው አልህ?"

አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከአይከል የመጣው ዘመድ ብቅ አለ። "መኮንን፣ ምን እያልሃት ነው?"

አያ መኮንን ዘመዳቸውን አዩት፣ ከኋላው የቆመውንም ዘመድ ሁሉ አዩ። "ቤታችን ሁልጊዜ ለእንግዳ ክፍት ይሁን፣ በየዓመቱም ይምጡ እያልኋት ነው" አሉ። ሁሉም አሜን አለ። ያ ሁሉ ምስክር ሰምቶባቸው ማን ጆንያ ያስገባል? አክስቴ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ዕንባዋን ስትጠርግ አየኋት። አያ መኮንን ራሳቸው አልጋ አጥተው ሳሎን ፍራሽ ተነጠፈላቸው።

ሰው ሁሉ መርቆ ከሄደ በኋላ አክስቴ አዲስ ሥራ ሰጠችኝ። "አሁን ደግሞ ዘመዴ ያልሆነ ሰው ብቻ የሚጽፈውን ቃል ፈልግልኝ" አለች። እየፈለግሁ ነው። በቀደም አንድ የሚሆን መሰለኝና ገጹ ላይ አዋልኩት። ትናንት ስልኩ ጠራ። ከትክል ድንጋይ ከተማ ነው፣ ድምፁን አናውቀውም፣ ስለ ሙቅ ውሃውም ስለ ዋጋውም በደንብ ጠየቀ። አክስቴ በደስታ ጠቀሰችኝ።

"ለመሆኑ" አለ ሰውዬው፣ "የማን ቤት ነው?"