ክቡር መሐንዲስ ረምዚና ቬንትሌተሩ

ረምዚ ቤት ቁጭ ብዬ ሲበይድ ሳይ፣ መጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ጠብታው ነው። የቀለጠው የብየዳ እርሳስ ሽቦው ላይ አንዴ እንደ መስታወት አበራና ወዲያው እንደ ሞተ ዓሣ ዓይን ፈዘዘ። ገጣሚ ነኝና ከውበቱ የተነሣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የውበቱ ምክንያት ስህተት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም።

በየሰፈሩ «ተሳስቻለሁ» የምትለው ቃል ጉሮሮው ላይ የምትቀርበት አንድ ሰው አይጠፋም። ለእኛ ሰፈር፣ ለጅቡቲው ካርቲየ ሰባት፣ የደረሰን ክቡር መሐንዲስ ረምዚ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን እንጂ፣ እሱስ ቡላኦስ ሰፈር ጨርቅ ይሸጣል። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ አገር ሁሉ ሲተኛ፣ እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቬንትሌተሩን ከጎኑ አስጠግቶ የጊታር ፔዳል ይበይዳል። ፔዳል ማለት በእግር ሲረግጡት የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር ትንሽ ሣጥን ነው።

አንዱ ፔዳሉ ያለማቋረጥ ይንሿሿል። «አቦ፣ የባሕሩ ጨው ነው!» ሌላው ሲነኩት ያፏጫል። «ወደ ዶራሌ ወደብ የሚሄዱት ከባድ መኪኖች አናውጠውት ነው!» አንድ ቀን ሁለት ሽቦ በአንድ ጠብታ አጣብቆ ጭስ ሲወጣ፣ የዓመቱን እርጥበት በሙሉ ከሰሰ። ሙቀቱማ በእሱ ክስ ብቻ ስንት ዓመት በተፈረደበት!

ባለፈው ሐሙስ የእህቱ ልጅ ሰብሪና ጊታሯን ታቅፋ መጣች። ያን ዕለት ማምሻውን በጎረቤት ሰርግ፣ በሰው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ልትጫወት ነው። የእሱን ፔዳል ስትረግጥ ግን ድምፁ ይቆራረጣል።

«አጎቴ፣ ይቅርብኝ። ለሙሽራዋም ልንገራት። እጄ እንቢ አለ።»

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ታዲያ የማን ጥፋት ነው? አንተ እንደሆንክ አትሳሳትም!»

የምታሾፍበት መስሎኝ ሣቄን አዘጋጀሁ። አላሾፈችም። ከሰፈሩ ሁሉ እሷ ብቻ አምናው ኖሯል።

ረምዚ መፍቻውን አነሣ። ፔዳሉን ፈታው። እያንዳንዱን ሽቦ በክብሪት እንጨት ገፋ ገፋ ሲያደርግ፣ አንዱ እንደ ወተት ጥርስ ተነቃነቀ። ከዚያ ቬንትሌተሩን አጠፋ። በጅቡቲ፣ በሐምሌ! ክፍሉ ምድጃ ሆነ። ሽቦውን እስኪግል ጠብቆ እርሳሱን እንደገና አቀለጠው፤ እስኪረጋም ትንፋሹን ይዞ አልተንቀሳቀሰም። ይህኛው ጠብታ አብርቶ ቀረ። ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንዲሁ አደረጋቸው፤ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

«በይ አሁን ምቺው።»

መታችው። ድምፁ ሳይቆረጥ ቤቱን ሞላው።

«እና ምን ነበር?» አለች።

እኔ ወይ ባሕሩን፣ ወይ መኪኖቹን እየጠበቅሁ ነው።

«እኔ ነኝ» አለ ረምዚ፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ። «እርሳሱ ሳይረጋ ነፋሱ ሽቦውን አነቃነቀው። ቬንትሌተሩን ያስጠጋሁት ደግሞ እኔ። ተሳስቻለሁ፣ ሰብሪ። እጅሽ ምንም አልሆነም።»

«ወላሂ?»

«ወላሂ!»

ግንባሩን ስማው ልትለብስ ሮጠች።

ረምዚ ወደ እኔ ዞረ። «አቦ ገጣሚ፣ ይሄ ነገር ግጥም ውስጥ እንዳይገባ!»

ግጥም ውስጥ እንደማይገባ ማልኩለት። ቁልፉን አንሥቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ሱቁን ሊከፍት ወጣ። እሷ የመታችውን ዜማ እያፏጨ ወደ ቡላኦስ አቀና። ሁለት ቦታ ላይ ሳተው። መንገዱ ጎርባጣ ስለሆነ ነው አልኩ ለራሴ፤ እሱም ማዕዘኑን ታጥፎ ሄደ።