ጋሼ ክፍሎምን ለማሰናበት የገዛሁት ኬክ

ሰው ለማባረር ኬክ ገዝቶ የሄደ ሰው ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ተዋወቁኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እንዳትስቁብኝ ግን። እሺ ሳቁ፣ መብታችሁ ነው።

እኔ ካልጋሪ ውስጥ ፕራይም ቁጥር የሚፈልጉ፣ ራሴን ጨምሮ የአሥራ ሰባት ሐበሾች አስተባባሪ ነኝ። አዎ፣ እንዲህ ያለ ነገር አለ! ፕራይም ማለት ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እኩል አልካፈልም የሚል ግትር ቁጥር ነው። ትንንሾቹ ድሮ ተገኝተው አልቀዋል። አሁን የሚፈለጉት አሃዛቸው ተጽፎ የማያልቅ ናቸው፤ አንዱን ለመፈተሽ ብቻ አንድ ኮምፒዩተር ሳምንታት ይፈጅበታል።

ስለዚህ በየአገሩ ያለ ፈቃደኛ ቤቱ ያለውን ኮምፒዩተር ያዋጣል። እኛም እንደ ዕድር ተሰባስበን ገባንበት። ክፍያ የለውም። ካገኘን ግን ስማችን ይጻፋል።

የኔ ድርሻ ቁጥር ማደል፣ የዘገየውን መጎትጎትና ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ የተኛውን መቆጣት ነው። በአዘቦት ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የማሽግ ሰው ነኝ። ሥልጣን ያየሁት እዚህ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሳይጣፍጠኝ አልቀረም።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቁጥር ለሁለት ሰው ይሰጣል። ሁለቱ ኮምፒዩተሮች ለየብቻ ሲያሰሉ ከርመው መጨረሻ ላይ አጭር ኮድ ያወጣሉ። ኮዶቹ ከገጠሙ ያ ቁጥር ተዘጋ። ካልገጠሙ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፤ ሦስተኛ ሰው እስኪፈትሸው ይጠበቃል።

ከጥቅምት ወዲህ አምስት ቁጥር አልገጠመም።

አምስቱም የኔና የጋሼ ክፍሎም ናቸው።

ጋሼ ክፍሎም ማርቲንዴል የሚኖሩ፣ ድሮ አስመራ ሒሳብ ያስተማሩ፣ እዚህ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ አውቶብስ የነዱ አባት ናቸው። ኮምፒዩተራቸው ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የተገዛ ነው። ልጅቷ ዛሬ የሁለት ልጆች እናት ናት።

የኔ ኮምፒዩተር አዲስ ነው። እንግዲህ ማን ተሳሳተ ትላላችሁ? እኔም እንደናንተ ነው ያሰብኩት።

ለሳቸው መንገር ግን ነውር ሆነብኝ። ታላቅ ሰው ፊት ቆሞ "ስህተት አለብዎት" ይባላል እንዴ? አይባልም። ስለዚህ በጣም ጨዋ የሆነ ነገር አደረግኩ። ለሳቸው ሳልነግር ለቀሩት አሥራ አምስት ሰዎች ነገርኩ።

ጋሼ የሌሉበት ሁለተኛ ግሩፕ ከፈትኩ። "የጋሼ ኮምፒዩተር ቲሙን እየጎዳ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ቤልትላይን የሚኖረው ዮናስ፣ ለሁሉም ነገር መፍትሔ የማያጣው ልጅ፣ "በክብር እናሰናብታቸው። አንቺ ንገሪያቸው፣ አንቺን ይወዱሻል" አለ። ሁሉም አውራ ጣቱን አስቀመጠበት።

ዛሬ ሺፍት ስላልነበረኝ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ባዶ እጄን አልሄድ ነገር፣ ኬክ ገዛሁ። ደጃቸው ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ ንግግሬን ተለማመድኩ። "ጋሼ፣ እስካሁን ላደረጉልን ሁሉ..." የሚል፣ ለቀብር የሚሆን ነገር ነበር።

በሩን ሲከፍቱ መጀመሪያ ያዩት ኬኩን ነው።

"አገኘን እንዴ?" አሉ።

ፊታቸው እንዴት እንደበራ ብታዩት! ኬክ ይዤ የመጣሁት ፕራይሙ ተገኝቶ መስሏቸዋል። በማን ኮምፒዩተር እንደተገኘ ሁሉ ጠየቁኝ።

"አይ ጋሼ፣ እንዲሁ ልጠይቅዎት ብዬ ነው" አልኩ። ውሸቴን።

"ጎሽ። ሦስት ዓመት ስትጽፊልኝ ኖረሽ ቤቴን ዛሬ አወቅሽው" አሉና አስገቡኝ። ለጨዋታ ነው ያሉት፤ እኔ ግን ወጋኝ።

ኮምፒዩተሩ ሳሎን ውስጥ መስኮቱ ሥር ነው ያለው። ጎኑ ተከፍቶ ትንሽ ቬንትሌተር ተደቅኖበታል። "ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያወርደኝ ይሄ ነው፤ የት ደረሰ ብዬ" አሉ ሻይ እየቀዱልኝ። እኔ ደግሞ እሱን ልቀማቸው ነው የመጣሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ራሴን የጠላሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ከዚያ ደብተር አመጡ። የሠሩት ቁጥር ሁሉ ከነቀኑና ከነኮዱ ተጽፏል። ያልገጠሙት አምስቱ በእርሳስ ተከበዋል። ከእያንዳንዱ አጠገብ "ራሷ ትደርስበታለች" ይላል።

ራሷ ማን ናት እንዳትሉኝ።

መጀመሪያ የተሳሳቱት እሳቸው መስሏቸው ነበር። ከአምስቱ ሦስቱን ኮክረን ከተማ ልጃቸው ቤት ባለው ኮምፒዩተር እንደገና አስፈተሹ። ሦስቱም ከሳቸው ጋር ገጠሙ፤ ከኔ ጋር አልገጠሙም።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ጋሼ?"

"አስተባባሪ ነሽ። ሰው ፊት እንዳትሸማቀቂ ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

እኔ ለአሥራ አምስት ሰው አወራሁባቸው። እሳቸው የኔን ስህተት ክረምቱን ሙሉ ደብተር ውስጥ ደብቀው ያዙልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልቃወምም ነበር።

"ለመሆኑ ኮምፒዩተርሽ የት ነው የሚቀመጠው?" አሉኝ።

ፎቶ ነበረኝ። እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌው እናንተም አድንቃችሁለታል፣ አትካዱ። ኮምፒዩተሩ የማሞቂያው አየር ከወለሉ የሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ቆሟል። አቧራ እንዳይገባው እናቴ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ከላይ እስከ ታች አልብሼዋለሁ። አናቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው አለ።

የካልጋሪን ክረምት በሙሉ እንደዚያ ከረመ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን አቀረቡት። "ዳንቴሉ ቆንጆ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ "ኮምፒዩተሩ ግን ታፍኗል። ሲግል ስሌት ይስታል። ሰውስ ቢሆን ሲያተኩሰው ይቀባዥር የለ?"

ኬኩን ቆረሱልኝ። ዝም ብዬ ብሄድ ማንም አያውቅብኝም ነበር፣ እመኑኝ አስቤውም ነበር። ግን የሰጡኝን ቁራሽ እያየሁ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሁለተኛውን ግሩፕ፣ የጻፍኩትን፣ ኬኩ ለምን እንደተገዛ።

ሹካቸውን አስቀመጡ። የቀረውን ኬክ አዩት።

"በኬክ?" አሉ በመጨረሻ። "ድሮ ከሥራ ሲያሰናብቱኝ ደብዳቤ ብቻ ነው የሰጡኝ።"

ሳቁ። እኔ አለቀስኩ። ናፕኪን አቀበሉኝ።

"አሁን ተሰናብቻለሁ ወይስ አልተሰናበትኩም?"

"እኔን ካላሰናበቱኝ እርስዎ የትም አይሄዱም" አልኳቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። ስማቸውን ባነሳሁበት ቦታ እውነቱን እንድጽፍ። ግሩፑ ላይ ጽፌ ጨረስኩ። ዮናስ እስካሁን ቃል አልተነፈሰም፣ ይህም ለሱ ታሪክ ነው። እዚህ የጻፍኩት ደግሞ ፎቶዬን ስላደነቃችሁ ነው፤ በከፊል የናንተም ጥፋት ነው።

ከጥቅምት ወዲህ ሠርቼ ሁለተኛ ሰው ገና ያልደረሰለት ቁጥር ሁሉ አሁን መፈተሽ አለበት። ፈታሽ የምመድበው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ጋሼን ለመንኳቸው። እሺ አሉ። ዞር ብለው ያንን አሮጌ ኮምፒዩተራቸውን አዩት፣ በጣታቸው አሰሉ፣ "ለፋሲካ ይደርሳል" አሉኝ።

የትኛው ፋሲካ ብዬ ልጠይቃቸው? በየትኛው አፌ?