ኡስታዝ ከድር ደረጃ ላይ የተቀመጡ ጊዜ

መጸየፍም ተሰጥኦ ይጠይቃል። እናንተና እኔ ሻያችን ውስጥ ዝንብ ስትገባ ፊታችንን አጨማድደን ሌላ ሻይ እናዛለን። ባለተሰጥኦው ግን አንድ ሙሉ አህጉር ተጸይፎ፣ የተጸየፈበትን ምክንያት በምዕራፍ ከፋፍሎ፣ ሁለት ደብተር ሞልቶ ይመጣል። እኛ የወላይታ ሶዶ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰው አለን። ጎረቤቴ ናቸው።

ኡስታዝ ከድር ሁምቦ ወረዳ ለረጅም ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው። ሃይማኖት መስጊድ ውስጥ ብቻ ተዘግቶበት መቀመጥ የለበትም፤ ገበያውንም፣ ሠርጉንም፣ ልቅሶውንም ሊመራ ይገባል የሚል የጠና አቋም አላቸው። አምና ልጃቸው አውሮፓ ወስዶ ሦስት ወር አስቀመጣቸው። ሲመለሱ ሻንጣቸው ቀሎ ደብተራቸው ከብዶ ነበር። ውሻ አልጋ ላይ ይተኛል። ወንድና ሴት ሳይተዋወቁ ተቃቅፈው ይጨፍራሉ። ልጅ አባቱን በስሙ ይጠራል፤ አያቱን ለማየትም ቀጠሮ ይይዛል። እውነቱን ለመናገር እኛ ኦርቶዶክሶቹም በብዙው ጉዳይ አብረን ራሳችንን ስንነቀንቅ ከረምን።

ጣጣው የመጣው ከመደምደሚያው ነው። «እነሱ የተበላሹት ወንድና ሴት የተደባለቁ ቀን ነው፤ እኛስ በእድር ድንኳን ተደባልቀን አይደል የምንቀመጠው?» አሉና፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንን ይዘው ወጥተው ወንድና ሴት ለየብቻ የሚቀመጡበትን የራሳቸውን እድር ሊያቋቁሙ ደብዳቤ አስገቡ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሁለቴ አነበብኩት። የእኛ እድር የሥጋ ድስቱ ሁለት ነው፣ አንዱ የክርስቲያን አንዱ የሙስሊም። የምስሩ ድስት ግን አንድ ስለሆነ ልቅሶ ላይ የምንበላው ምስር ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ ያንን ድስት ሦስት ቀን ሙሉ ሲያማስሉ የነበሩት የኡስታዝ ባለቤት ናቸው፤ ኡስታዝም ከጎኔ አልተነሡም። ነገ እናቴን ሳጣ ማን ሊቀመጥ ነው? ፈራሁ፤ ተናደድኩም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። ኡስታዝ እኛን ለማሳመን ከሁሉ የከፋውን ምዕራፍ መርጠው ማንበብ ጀመሩ። ከልጃቸው ቤት ፊት ለፊት ብቻውን የሚኖር አንድ ሽማግሌ ሞተ። ሁለት ሰዎች ሬሳውን በሊፍት አውርደው ወሰዱት። «አንድም በር አልተከፈተም» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰበረ።

ይሄኔ እትዬ ማርታ እጃቸውን አወጡ። የሴቶቹ ተጠሪ ናቸው፤ ገሱባ ተወልደው ያደጉ፣ አማርኛውን በወላይትኛ ዜማ የሚያስኬዱ፣ «እርስዎ» ለማለት «እናንተ» የሚሉ፣ አንዴ ጥያቄ ከጀመሩም የማይለቁ።

«ኡስታዝ፣ እናንተ ያን ጊዜ ምን አደረጋችሁ?»

ኡስታዝ ደብተሩን ዘጉት። ይኼኛው አልተጻፈም ነበር።

«ምንጣፍ አውጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ሞቶ እንዴት ቤቴ እገባለሁ? ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።»

ከዚያ በኋላ ያለው በጥያቄ በጥያቄ ነው የወጣው። ልጃቸው በኀፍረት የሚገባበት ጠፍቶት ነበር። አንዱ ጎረቤት ቤት የሌላቸው መስሎት ብርድ ልብስ አመጣላቸው። ሌላው ቁልፍ ጠፍቶባቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። በሁለተኛው ቀን ልጅየው ማስረዳት ሰለቸውና «አባቴ ለሟቹ ልቅሶ ተቀምጠው ነው» ብሎ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። በሦስተኛው ቀን ከላይኛው ፎቅ ሁለት አሮጊቶች ወረዱ። ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። አንደኛዋ አለቀሰች። ኡስታዝ የሟቹን ስም ያን ቀን ሰሙ።

«ሁለቱም ሴት ነው?» አሉ እትዬ ማርታ።

«አዎ።»

«የት አስቀመጣችሁት?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ኡስታዝ ጣሪያውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ፤ ውሸት ግን አያውቁበትም።

«ደረጃው ጠባብ ነው» አሉ። «ከጎኔ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኡስታዝ መጀመሪያ ሊቆጡ ከጀሉ፤ ቀጥሎ እሳቸውም ሳቃቸው አመለጣቸው። «ታዲያ ያዘነን ሰው እንዴት ተነሺ ልበላት?» አሉ እየሳቁ። የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙት ያኔ ይመስለኛል። ተነሥተው ወደ ጠረጴዛዬ መጡና እጃቸውን ዘረጉ። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። እትዬ ማርታ እልልታውን አቀለጡት፤ በእድር ስብሰባ እልልታ በደንባችን የተከለከለ ነው፣ ጸሐፊው ግን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈረውም። ጸሐፊው እያለቀሰ ነበር።

ኡስታዝ ያንን አገር ዛሬም ይቅር አላሉትም። ባለፈው ሳምንት አንድ ልቅሶ ላይ የአውሮፓ ሴቶችን የዋና ልብስ ጉዳይ አንሥተው ረጅም ሰዓት ሲያወግዙ ዋሉ፤ ማንም አልተቃወማቸውም። የተቀመጡት በእኔና በእትዬ ማርታ መካከል ነበር።