የስንደዶው አፈሙዝ ወደየት እንደ ዞረ

በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አሶሳ የክልል ርእሰ ከተማ ከተባለች ወዲህ የቢሮው ማኅተም ቀለም ገና ከእጅ በማይለቅበት ጊዜ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ዝናሙ መጣሁ መጣሁ እያለ በሚቀርበት ሰሞን፣ ይህችውም በመንደሩ ዘንድ «ዓመተ ካርቶን» የተባለችው ናት፣ የካርታ ንድፍ ሠሪው፣ ባለ ቀጭን እርሳሱ፣ ብሉ ሲባሉ በልቻለሁ የሚሉት፣ አንገታቸው ከዓመት ዓመት የሚቀጥነው፣ የእመት ሰንበቴ የልጅ ልጅ ጅረኛ ዱጋሳ፣ አጎታቸው ከነቀምት በአውቶቡስ የላኩላቸውን ካርቶን ሊቀበሉ ወደ መናኸሪያ ወጡ።

ወተለውዎ ብዙኃን፤ ብዙዎችም ተከተሏቸው። በቀኛቸው አያታቸው እመት ሰንበቴ፣ ፀሐይ ልጄን ይመታብኛል ብለው ጃንጥላ ዘርግተው፤ በግራቸው በሰፈራው ዘመን ከወሎ የመጡት ጎረቤት አቶ ታረቀኝ፣ ዶማቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ፤ ከኋላ የማዶው ባለሱቅ ዓብዱልባሲጥ፣ ሱቁን ለአላህ አደራ ሰጥቶ፤ ከሁሉም ኋላ ባለቤት የሌላት፣ ካርቶን ባየች ቁጥር የምትከተለው ፍየል። እንዲህ ባለ ግርማም ካርቶኑ ገባ፣ ከጠረጴዛም ላይ ተቀመጠ፣ ክዳኑም ተነሣ።

በውስጡም ገና ያልተገጣጠመ የፕላስቲክ ታንክ ነበረ፤ ሲገጣጠም ስንዝር የማይሞላ፣ ከእውነተኛው ሠላሳ አምስት ጊዜ የሚያንስ። የጅረኛም አሳብ፣ እርሱም በዚያ አገር ከእርሳቸው በፊት በማንም ልብ ያልታሰበ፣ ቢታሰብም ያልሰማነው፣ ይህን ነበር፦ በማንጎ ሳንቃ ላይ አፈር አፍስሰው፣ ሣር ተክለው፣ ታንኩን አቁመው፣ በዙሪያው የትንሽ ጣት ቁመት ያላቸው ሰዎች አኑረው፣ አንዲት ትንሽ ዓለም ሠርተው ከሬዲዮው አጠገብ ሊያስቀምጡ።

እመት ሰንበቴ ግን «ታንክ» የሚለውን ቃል በሰሙ ጊዜ ጃንጥላቸውን በቤት ውስጥ እንደ ዘረጉ ቀሩ። የደርግ አፋሾች ወጣት ለጦርነት በሚለቅሙበት ዘመን ይህንኑ ልጅ በማሽላ ጎተራ ውስጥ ሸሽገው አትርፈውታልና፣ እስከ ዛሬም መኪና በደጅ በቆመ ቁጥር ዐይናቸው ወደ ጎተራው ይሄዳልና፣ አዋጅ ነገሩ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከታንክ የደበቅኩት ልጅ ታንኩን በካርቶን አመጣብኝ። ባዶ መሣሪያ ሰይጣን ያጎርሰዋል፤ አፈሙዝ ትልቅም ሆነ ትንሽ ሰው ካለበት አይዞርም። ማንም የማይቆምበት አቅጣጫ ካልተገኘለት አንዲቷ ቁራጭ አትገጣጠምም፤ ቅዳሜም ካርቶኑ በመጣበት አውቶቡስ ወደ ነቀምት ይመለሳል። ልጄ፣ አትኩረፍ፤ እኔ ስለ አንተ ነው።»

ጅረኛም አልተቆጡም፤ ንድፍ ሠሪ ንድፍ ሳይሠራ ቁሳቁስ አይነካምና። የታንኩን መጠን በወረቀት ቆረጡ፣ ወረቀቱን በሳንቃው ላይ አኖሩ፣ ስለ አፈሙዙም ፋንታ ከእመት ሰንበቴ ስፌት አንዲት ስንደዶ መዝዘው ሰኩ። ከካርቶኑ የወጣችውም መመሪያ ታንኩ ከሳንቃው ጠርዝ ጋር እንደ ወታደር ተስተካክሎ አይቁም፣ ጠመም ይበል፣ ያን ጊዜ ለዐይን ያምራል ትል ነበርና፣ ጠመም አደረጉት። በዚህ ጊዜ ስንደዶዋ በመስኮቱ በኩል የዓብዱልባሲጥን ሱቅ ቁልጭ አድርጋ አየች።

ዓብዱልባሲጥም ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ እንዲህ ሲል አስታወቀ፦ «እማማ ሰንበቴ፣ ወላሂ እኔ ሱቅ ውስጥ ሳሙና አለ፣ ስኳር አለ፣ ጠላት የለም። ይቺ መድፍ ለምን እኔን ያያል? ደንበኛ ቢሸሽ ማን ይጠየቃል?»

ስንደዶዋ ወደ ቀኝ ዞረች። በዚያ በኩል የአቶ ታረቀኝ አጥር ነበርና እርሳቸውም ዶማቸውን ተክለው፦ «እኔ በመንግሥት መኪና ተጭኜ ሦስት ቀን ተጉዤ እዚህ የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ከዚህስ ወዴት ልሂድላችሁ?» ብለው ነገሩ። ወደ ግራም ዞረች፤ በዚያች ሰዓት ግን የእመት ሰንበቴ ታናሽ እኅት ወይዘሮ ቀነኒ ማንጎ በቅርጫት ይዘው ከባምባሲ ገቡ፣ ጉዳዩንም ሰምተው ተቀምጠው ሳያበቁ፦ «ባምባሲ ምን አደረገቻችሁ? ማንጎውን እኮ መልሼ እወስደዋለሁ» ሲሉ አወጁ፤ በወሬው መካከል ግን አንዱን ማንጎ ልጠው ለጅረኛ አጎረሱ።

ወደ ድንበሩ ከተማ ወደ ኩርሙክ ትዙር ቢባል ዓብዱልባሲጥ ከድንበሩ ማዶ ሦስት አጎትና አንድ አህያ እንዳለው አሳሰበ። ወደ ጓዳ ብትዞር የእመት ሰንበቴ አልጋ አለ። ወደ ምድር ብታቀረቅር እመት ሰንበቴ ከአፈር በታች ያሉት ሙታን ምን በደሉ አሉ። ወደ ሰማይ ብታንጋጥጥ ደግሞ አቶ ታረቀኝ ዘራቸውን አስበው ደነገጡ፦ «ግንቦት እየተጋመሰ ደመናው ላይ መሣሪያ ትደግኑበታላችሁ? እንኳን ተደግኖበት ተለምኖም አልመጣ።» እንዲህም ሆኖ ጉባኤው ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ ማንጎው አለቀ፤ አንዲት ስንደዶም አገር ምድሩን አስጨነቀች።

ቅዳሜ ጧት ጅረኛ ወረቀቱን አጠፉ፣ ስንደዶዋን ነቀሉ፣ ሁሉንም በካርቶኑ ከተቱ፣ በሲባጎም ያስሩ ጀመር። እመት ሰንበቴም የእጃቸውን መዘግየት አዩ፤ ሲያስሩ፣ ሲፈቱ፣ ደግሞ ሲያስሩ። ይህ ልጅ በጎተራው ውስጥም እንዲሁ ዝም ብሎ ነበር የከረመው፤ ራበኝ አላለም፣ ፈራሁ አላለም፣ ሲወጣም ከዚያ ወዲህ አንዳች ነገር እፈልጋለሁ ብሎ አያውቅም፤ ደመወዙን አምጥቶ ይሰጣል፣ እሺ ይላል፣ ይተኛል። እነሆ ዛሬ ፈልጎ ነበር። እመት ሰንበቴን ከካርቶኑ ይልቅ ይህ ዝምታ አስፈራቸው።

ከውጭም የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። ያን ጊዜ እመት ሰንበቴ፣ እሳት የላሱት፣ የጎተራው በር ጠባቂ፣ ተነሥተው ሲባጎውን በጥርሳቸው በጠሱ፤ ወረቀቱን ከሳንቃው ላይ መለሱ፤ ስንደዶዋን ሰኩ፤ ከስፌት ዕቃቸው ክር አውጥተው አንዱን ጫፍ ከስንደዶዋ ላይ፣ ሁለተኛውን ከአንዲት ጭራሮ ላይ አሰሩ፤ ከአሮጌ ሻሻቸውም ጥፍር የሚያህሉ ቁራጮች ቀደው በስንደዶዋና በክሩ ላይ አሰጡ፤ ቀሚስ፣ ነጠላ፣ የሕፃን ጨርቅ። ወዲያውም አወጁ፦

«ልብስ የተሰጣበት መድፍ ወደየትም ቢዞር አይተኩስም። የትኛዋ ሴት ናት ነጠላዋን አጥባ አስጥታ ተኩሱበት የምትል? ይህ ታንክ ከቆመ ዓመታት አልፎታል፤ ነጂውም ወደ እናቱ ቤት ገብቷል። እንዲህ ተብሎ ይሠራ።»

ወኮነ ፍሥሓ ዐቢይ፤ ታላቅ ደስታም ሆነ። ጅረኛ ዱጋሳ ድምፅ አውጥተው ሳቁ፤ ያን ሳቅ ቤቱ ረስቶት ነበር። አውቶቡሱም ካርቶኑን ሳይጭን ሄደ። ስንደዶዋ ዞራ ዞራ የዓብዱልባሲጥን ሱቅ ብታይም እርሱ እንዲህ ሲል ፈቀደ፦ «ግዴለም ይይ። ግን ሳሙናው ከእኔ ሱቅ የተገዛ ይሁን።» አቶ ታረቀኝ በታንኩ የጎማ ሰንሰለት መካከል ሣር እንዲበቅል፣ እርሱም የአገራቸው ዐይነት እንዲሆን አዘዙ። ወይዘሮ ቀነኒም ከተሰጡት ቀሚሶች አንዱን የእኔ ነው ብለው ያዙ፤ ከሌሎቹም ሰፋ እንዲል ተሟገቱ፤ ተፈቀደላቸውም።

ጅረኛም ሙጫውን ከፈቱ፣ እርሳሳቸውንም አነሡ፣ በታንኩም አናት ላይ ራሳቸውን የሚመስል የትንሽ ጣት ቁመት ያለው ሰው ሊያኖሩ በወረቀቱ ላይ ነጥብ አደረጉ። እመት ሰንበቴ ግን ጣታቸውን በነጥቡ ላይ ጫኑ፤ የመጨረሻውንም አዋጅ ነገሩ፦ «ከዚያ ላይ ውረድ። እኔ እዚህ ሳፋ ይዤ ልቁም፣ ጎባጣ አድርገህ አትሥራኝ፤ አንተ ደግሞ ከአጠገቤ ሆነህ ውሃ ቅዳልኝ። በልተህ ቅዳ።»

እንዲህም ተነደፈ። ክብር ለጅረኛ ዱጋሳ፣ አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ አራቱን ማዕዘን ለአስታረቁት፣ ዓለምን ከነሣሩ ከሳንቃ ላይ ለአሳደሩት፣ ሙጫቸው ለማይደርቅባቸው፣ በዚያች ዕለት ሳይለመኑ ሁለት ሳህን ምሳ ለጨረሱት። ክብርም ለእመት ሰንበቴ፣ ታንክን በነጠላ ለማረኩት፤ ልጃቸውንም ሁለተኛ ጊዜ፣ ያለ ጎተራ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከታንኩ ላይ ለአወረዱት።