ከየቡ መናኸሪያ አልነሳ ያለው ስንብቴ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ «ፈጥራ ነው» የምትሉ አትጠፉም። ምስክር አለኝ። አንድ ሚኒባስ ሙሉ ምስክር አለኝ።

ተሰናብቼ መሄድ አቃተኝ።

ሆዴ ባብቶ፣ እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ምናምን እንዳይመስላችሁ። መኪናው አልሞላም!

ቆይ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ግሩፓችንን ለማታውቁ፣ ስሙ «የመስኮት ወንበር» ነው። የጉዞ ወዳጆች ግሩፕ ነው። ጉዞ ስላችሁ ግን ፕሌን፣ ሪዞርት፣ የዋና ልብስ እንዳታስቡ። የእኛ ጉዞ ከጅማ አጋሮ፣ ከጅማ ሸቤ፣ ከጅማ የቡ ነው። ሕጋችንም አንድ ብቻ ነው፤ ፎቶው ከመኪና መስኮት የተነሳ መሆን አለበት። ቀይ ቡና ማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቶ፣ አህያ መንገድ ዘግታ፣ ዝናብ መስታወቱ ላይ እየወረደ፣ ምንም ይሁን፣ ብቻ ከመስኮት።

«ይሄ ምኑ ደስ ይላል?» የሚሉን አሉ። እኔ እንጃ። እኛን ደስ ይለናል።

አድሚኗ እኔ ነኝ። ከሆሳዕና ጅማ የመጣሁ ሰሞን፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር መጋረጃ መስፊያ ሱቄን ስከፍት፣ ከስፌት ማሽኔ በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም። እሑድ ከቸርች መልስ ዝም ብዬ ሚኒባስ ውስጥ እገባና መኪናው የሚሄድበት ሄጄ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ከመስኮት ያነሳሁትን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩ። ኢክራም የምትባል የየቡ ልጅ «ይሄ እኮ የእኛ ድልድይ ነው» ብላ ጻፈችልኝ። እሷም ለጠፈች። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያ ሌላ። ግሩፑ የተፈጠረው፣ እኔም ጅማ ላይ ሰው ያገኘሁት እንዲህ ነው።

አሁን ግን ሁሉም ቲክቶክ ገብቷል። ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው «ቤትዎ ቁጭ ብለው ሀብታም ይሁኑ» ብቻ ሆነ። ጠዋት ተነስቼ ማስታወቂያ ማጥፋት እንደ ፊት መታጠብ ለመደብኝ። አብራኝ አድሚን የነበረችው ኢክራም ልጅ ወለደችና ጊዜ አጣች። ብቻዬን ቀረሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ግሩፑ በማስታወቂያ ታፍኖ ሲሞት ቆሜ ማየት አልቻልኩም። በክብር ልዝጋው አልኩ። ግን ደግሞ በጣም ፈራሁ። ግሩፑ ከተዘጋ እነዚህ ሰዎች በምን ምክንያት ይደውሉልኛል? ዘመዶቼ አይደሉም። የቸርች ሰዎቼ አይደሉም። ጎረቤቶቼም አይደሉም። የሚያገናኘን መስኮት ነው።

ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ ይህን ጻፍኩ፦ «እሑድ የቡ ተገናኝተን እንሰናበታለን። ስመለስ፣ ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ፣ እናንተ ከውጭ እጃችሁን ስታውለበልቡልኝ፣ የመጨረሻዋን ፎቶ ከመስኮት አነሳለሁ። ከዚያ ግሩፑን እዘጋለሁ።»

አያምርም? ያምራል እንጂ። መጋረጃ እየሰፋሁ ስንት ቀን ያሰብኩበት ነው።

ዛሬ የቡ ስደርስ ኢክራም ግቢ ምሳ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። ከአጋሮ የመጣ አለ፣ ከጅማ ቀድሞኝ የደረሰ አለ። አባ ፊጣም መጥተዋል። አባ ፊጣ የቡ ዳር ቡና ያላቸው አባት ናቸው። ልጃቸው ስልክ ስትገዛላቸው ነው ግሩፑ የገቡት። አንድም ፎቶ ለጥፈው አያውቁም፤ ሰው የለጠፈው ላይ ግን «ማሻአላህ» ሳይሉ አይውሉም። አህያዋ ላይ ማሻአላህ። የፈነዳ ጎማ ላይ ማሻአላህ።

እሳቸው ተነስተው ዱአ አደረጉልኝ። ሙስሊሙም፣ ኦርቶዶክሱም፣ እኔ ጴንጤዋም እኩል አሜን አልን። ከዚያ ንግግር አደረግኩ። መሃል ላይ ለቅሶ አቋረጠኝ። ኢክራም እኔን አይታ አለቀሰች፣ ልጇ እሷን አይታ አለቀሰ።

ስጦታም ሰጡኝ። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሚኒባስ ወንበር! ከጋራዥ ፈልገው ያገኙት፣ በአዲስ ጨርቅ ያስለበሱት፣ እውነተኛ የመስኮት በኩል ወንበር። «ሱቅሽ ውስጥ መስኮቱ ሥር አድርጊውና ስትሰፊ ቁጭ በይበት» አሉኝ። እዚህ ላይ ጨርሶ አለቀልኝ።

ወንበሩን ተሸክመው እስከ መናኸሪያ ሸኙኝ።

የጅማው ሚኒባስ ሞልቶ ቆሟል። የቀረው አንድ ቦታ ነው፣ እሱም በመስኮት በኩል። ተራ አስከባሪው «ጅማ፣ ጅማ፣ አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ጌታ ራሱ ያዘጋጀልኝ መሰለኝ። ወንበሬን ጣሪያው ላይ ጭነው በገመድ አሰሩት። ሁሉንም አቀፍኩ። አባ ፊጣ እጄን ይዘው «ነጋን ገሊ ልጄ፣ በሰላም ግቢ» አሉኝ። እያለቀስኩ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ባለ ኮፍያ ሰውዬ «አይዞሽ እህቴ፣ ያልፋል» ብሎ ሶፍት ሰጠኝ።

ግሩፑ ላይ ላይቭ ከፈትኩ። ስልኬን ወደ መስኮቱ አነሳሁ። ውጭ ያሉት ሁሉ እጃቸውን አነሱ።

ባለ ኮፍያው ወረደ።

ከኋላ የነበሩትም ወረዱ። ገቢና የተቀመጠው ወረደ። አንዱ ሲወርድ እያዛጋ ነበር። ዞር ብዬ ሳይ መኪናው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ጌጥ! ወይ ጉዴ፣ ጌጥ!

ለማታውቁት ላስረዳ። ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም። ባዶ ሚኒባስ ውስጥ ደግሞ ሰው አይገባም። ስለዚህ መናኸሪያ የሚውሉ ሰዎች ተሳፋሪ መስለው ይቀመጣሉ፤ የእውነት መንገደኛ ገብቶ ዕቃው ሲታሰር እነሱ ወርደው ጥላቸውን ይይዛሉ። እኛ ግሩፕ ውስጥ «ጌጥ» ነው የምንላቸው።

ግሩፑ አናት ላይ ደግሞ ፒን የተደረገ ጽሑፍ አለ። «ጌጥን በምን እንለያለን?» ይላል። ዕቃ አይዝም፣ ወደ ውጭ አያይም፣ ሹፌሩን በስሙ ይጠራል፣ ይላል። ስንቱ ሰው «ተባረኪ፣ ከመሸወድ አዳንሽን» ብሎበታል።

የጻፈችው ማን ትመስላችኋለች?

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች።

አሁን ችግሩ ይግባችሁ። በእኛ አገር ሸኚ መኪናው ሳይነሳ አይሄድም። ነውር ነው። እኔ ደግሞ አልነሳም። እጆች ትንሽ ተውለብልበው ደከሙና ወረዱ። ኢክራም ወደ መስኮቴ ጠጋ ብላ «በቃ ደህና ሁኚ» አለችኝ። «ደህና ሁኑ» አልኩ። መኪናው አልተነሳም። «ስትደርሺ ደውዪ» አለች። «እሺ» አልኩ። አሁንም አልተነሳም። «መጋረጃ ሥራ እንዴት ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ያለኝን ቃል ሁሉ ምሳ ላይ ጨርሼዋለሁ። እንደገና ላልቅስ ብዬ ሞከርኩ። አልመጣ አለኝ።

ላይቩ ላይ ሙድ መያዝ ተጀመረ። «ኔትወርክ ነው ወይስ ቆማችሁ ነው?» አለ አንዱ። የሸቤ መስመር ሹፌር የሆነው አባላችን «እኔ ሸቤ ደርሼ፣ አራግፌ፣ ምሳ በልቼ መጣሁ፤ አንቺ ገና ነሽ?» ብሎ ጻፈ። ሌላዋ ደግሞ የራሴን «ጌጥን በምን እንለያለን» ስክሪንሾት አድርጋ ለጠፈችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም። እንደዚያ ከምታደርግ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሼም ይዞኝ መስኮቱን ልዝጋ ብል መስኮቱም አይዘጋም።

የሁሉም የሁሉም ግን አባ ፊጣ። ከዘራቸውን ተደግፈው ፀሐይ ላይ ቆመዋል። መሃል ላይ ሳጣቸው «ተመስገን ሄዱ» አልኩ። ለካ የአስር ሶላት ሊሰግዱ ነው። ሰግደው ተመልሰው ቦታቸው ላይ ቆሙ።

«አባ ፊጣ፣ እባክዎ ወደ ቤት ይግቡ፣ ይደክምዎታል» አልኳቸው በመስኮት።

«መንገደኛ ሳይነሳ ወዴት ነው የምገባው?» አሉኝ።

ምን ይደረግ? ወንበሬን ከጣሪያ ላይ አውርደው ሰጧቸው። ስጦታዬ ላይ፣ መናኸሪያው መሃል፣ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። አንዲት እናት መጥተው «የጅማ ወረፋ እዚህ ጋ ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «እዚህ ነው፣ ይግቡ» አሉ አባ ፊጣ። ሴትዮዋ በመስኮት እኔን ብቻዬን አዩኝ፣ ባዶውን መኪና አዩ፣ ጥለውን ሄዱ።

ልውረድ ይሆን? ብዬ አሰብኩ። ግን ዱአ ተደርጎለት፣ ተለቅሶለት፣ ወንበር ተሸልሞ የተሸኘ ሰው በምን ፊቱ ይወርዳል? ለክብሬ ብዬ ያዘጋጀሁት ስንብት ነበር። ክብሩ አልቆ አሁን ሁላችንም በየልባችን «መቼ ነው የምንገላገለው» እያልን ነው። እንዲህ ሆኖ ሊያልቅ ነው? የቆጨኝ ይሄ ነበር። ሰዎቹ እኔን ሲያስታውሱ የሚያስታውሱት መናኸሪያ ፀሐይ ላይ መቆምን ሊሆን ነው።

የገላገለችን ኢክራም ናት። ልጇን አቅፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የሚኒባሱን በር በኃይል ከፈተችው።

«እሷ ካልሄደች እኛ አንሄድም። መኪናው ካልሞላ እሷ አትሄድም» አለች። «ኮታ፣ ኑ፣ ግቡ በቃ። እንሙላው።»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ገቡ! የአጋሮው ገባ፣ የየቡዎቹ ገቡ፣ ከጅማ የመጡትም ከኋላ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አባ ፊጣን ደግፈን ገቢና አስቀመጥናቸው። ወንበሬ ወደ ጣሪያው ተመለሰ። ተራ አስከባሪው ሲቆጥር አንድ ሰው ጎደለ። «አንድ ሰው ብቻ» አለ፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን።

ባለ ኮፍያው ከጥላው ተነስቶ መጣና አጠገቤ ቁጭ አለ።

«ደግሞ ልትወርድ ነው?» አልኩት።

«አልወርድም።»

«ጅማ ጉዳይ አለህ?»

«የለኝም» አለ። «የዚህን ነገር መጨረሻ ካላየሁ ግን ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። ስልኬን ወደ መስኮቱ አነሳሁ፣ ለመጨረሻዋ ፎቶ። ውጭ እጁን የሚያውለበልብ ሰው የለም። ሁሉም ውስጥ ነው። ተራ አስከባሪው ብቻ ለብቻው ቆሞ አውለበለበልኝ። እሱን አነሳሁትና ለጠፍኩት። ከገቢና የአባ ፊጣ ስልክ ሲጮህ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ፎቶው ሥር «ማሻአላህ» መጣ።

እንግዲህ ቃል ቃል ነው። ጣቴን «ግሩፑን ሰርዝ» የሚለው ላይ አደረግኩ። ባለ ኮፍያው አንገቱን አስግጎ ስልኬን አየ።

«ግሩፑ ይሄ ነው? እስቲ ሊንኩን ላኪልኝ።»

«እየዘጋሁት ነው» አልኩት።

«እሺ፣ እስክትዘጊው» አለኝ።

ምን ልል እችላለሁ? ሶፍቱን ተቀብዬዋለሁ እኮ። ላክሁለት፣ አስገባሁት። ከኋላ ያሉት በአንድ ድምፅ «እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። አዲስ ሰው ባስገባሁበት ቅጽበት ግሩፑን ብዘጋ ደግሞ ነውር ሆነብኝ። ቆይ ጅማ ስንደርስ እዘጋዋለሁ አልኩ።

ጅማ ደረስን። ሱቄ ስላልበቃቸው ግማሾቹ ደጅ ቆመው ሻይ ጠጡ። ኢክራም መጋረጃ አማረጠች። አባ ፊጣ ማሽኔን እያዩ ማሻአላህ አሉ፣ በአካል ሲሉት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ እንግዳ ሳይሸኝ አይቀርምና ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው።

ያው የመጣንበት ሚኒባስ ነው የሚመልሳቸው። ገቡ። እኔ ውጭ ቆሜ እጄን አውለበለብኩ። እነሱም አውለበለቡ። የአጋሮው ልጅ በሌላ መኪና ሄዷል፣ የጅማዎቹም ቤታቸው ገብተዋል። ጥቂት መንገደኞች መጥተው ገቡ። ከዚያ የሚመጣ ሰው ጠፋ።

አዎ፣ ገምታችኋል። አንድ ሰው ጎደለ።

«ስትደርሱ ደውሉ» አልኩ። «እሺ» አለች ኢክራም። መኪናው አልተነሳም። «መንገዱ ግን ጥሩ ነው አይደል?» አልኩ። አባ ፊጣ አንገታቸውን ከገቢናው አወጡና «ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ» አሉኝ።

ይህን የምጽፍላችሁ ወደ የቡ እየሄድኩ ነው። ነገ ጠዋት መጋረጃ ሊወስዱ የሚመጡ ደንበኞቼ ይቅር ይበሉኝ። ወንበሬን ከጣሪያው ላይ ማውረድ ረስተን አብሮን እየተመለሰ ነው። ግሩፑም አልተዘጋም፤ እንዲያውም ባለ ኮፍያው አሁን ሦስተኛ ፎቶውን ለጠፈ።

ግሩፑ ከሌለ ማን ይፈልገኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። አሁን ኢክራም ከኋላ «ማታ እኛ ጋ ነው የምታድሪው» እያለችኝ ነው፣ የሚያስጨንቀኝ ነገ የቡ ላይ እንደገና ልሸኝ መሆኑ ብቻ ነው።

እናንተዬ፣ ተሰናብቶ መሄድ የሚችል ሰው ካለ እስቲ ያስተምረኝ። ደግሞ ይህን ሰውዬ ምከሩልኝ፤ የመስኮቱን ወንበር ይዞብኛል።